ፀሐይ የማይደርሰው ጓሮ ምን ይብቀልበት?

የጓሮና አትክልት ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው፤ ሁሉም ጥላ ያለበትን ጓሮ ይመለከታሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርገን የመለስነው የብዙዎቹ ጠያቂዎች ችግር እዚያ ውስጥ ስለተጠቃለለ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በሰሜን በኩል፣ አራት ሜትር በዘጠኝ ሜትር የሆነ ቦታ አለን። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን ቁመቱ ስድስት ሜትር ይሆናል፤ አጥሩ የብሎኬት ነው፣ ሁለት ሜትር ተኩል። በምሥራቁ ጥግ ያረጀ አቮካዶ አለ። አምና ሰኔ ላይ ጽጌረዳ ተከልን። እስከ መስከረም ደህና አበበ፤ ከኅዳር ወዲህ ግን ቅጠሉ ረግፎ ቀጫጭን እንጨት ብቻ ቀረ። ሳሩም ተመልጦ አፈሩ ታየ። ቦታውን እንደ አዲስ ማልማት እንፈልጋለን። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ከምን እንጀምር? ምንስ እንትከል?

መልስ፦ ጽጌረዳችሁን የገደለው የወቅቱ የፀሐይ አቅጣጫ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ትክክል አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የስድስት ሜትር ቤት የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን 3.5 ሜትር ይዘረጋል። ከአራት ሜትራችሁ ፀሐይ የሚያገኘው አጥሩ ሥር ያለው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ሰኔ ላይ ሁኔታው ይገለበጣል፤ የአጥሩ ጥላ ወደ ቤቱ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል፣ የቀረውን ቦታ ፀሐይ በቀጥታ ታገኘዋለች። ሰኔ ላይ ቦታውን አይቶ ጽጌረዳ የተከለ ሰው ያየው እውነት ነበር፤ እውነቱ ግን ለአምስት ወር ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የአጥሩ ሥር ከሰኔ የቀትር ፀሐይ ይጠለላል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ትንሽ ብርሃን ያገኛል። ከወቅት ወቅት ሁኔታው ብዙም አይለዋወጥም፤ ለተክል የሚመቸው እሱ ነው። የቤቱ ግድግዳ ሥር ግን ለሰባት ወር ጨለማ፣ ለአምስት ወር የቀትር ፀሐይ ነው። ጥላ የሚወድ ተክል በክረምቱ በጠራ ቀን ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ፀሐይ የሚወደው ደግሞ በበጋ ይመነምናል። ስለዚህ መደቡን ከአጥሩ ሥር አድርጉት፣ መተላለፊያውን ከቤቱ በኩል። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከመስኮት ሥር አበባ ለማየት ብሎ።

ሌሎች አንባቢዎች የራሳችሁን ቦታ ለመለካት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በየሰዓቱ ወጥታችሁ ፀሐይ ቦታውን በቀጥታ የምትነካበትን ሰዓት መዝግቡ። አንዴ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ አንዴ በሰኔ። ድምሩ ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ከሆነ ከፊል ጥላ ነው፤ ከስድስት ሰዓት ካለፈ ጥላ አለ ብላችሁ አትጨነቁ። ሰዓቱ መቼ እንደሆነም ልብ በሉ። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያለችው ፀሐይ የጥላ ተክል አትጎዳም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለችው ትጠብሰዋለች።

አሁን ወደ አቮካዶው። የግድግዳ ጥላና የዛፍ ጥላ አንድ አይደሉም። ግድግዳ ብርሃን ይከለክላል እንጂ ውሃና አፈር አይሻማም። ዛፍ ግን በቅጠሉ መሀል ብርሃን እያሾለከ፣ ከሥር ውሃውን ይጠጣል፣ ቀላል ዝናብም ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ከዛፍ ሥር የሚሞተው ተክል አብዛኛውን ጊዜ «ጨለማ ገደለው» ይባልለታል፤ የሞተው ግን በጥማት ነው። ታዲያ ውሃ እናብዛ ብትሉ አቮካዶው ይታመማል። ምግብ የሚስቡት ሥሮቹ በብዛት ከላይ ባለው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው፤ አፈሩ ሁልጊዜ ከራሰ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ በሽታ ይይዘዋል። ምልክቱ ከአናቱ ጀምሮ መሳሳት፣ ትንንሽና የገረጣ ቅጠል ማውጣት ነው። ስለዚህ ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል አትቆፍሩ፣ አፈርም አትከምሩበት። የራሱን ደረቅ ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ 20 ሴንቲ ሜትር አርቁ። እዚያ አረንጓዴ ነገር ካማራችሁ በማሰሮ ወይም በባልዲ ተክላችሁ አስቀምጡ። የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ብታነሱለት ከሥሩ ብርሃን ይገባል፤ በአንድ ዓመት ግን ከዘውዱ (ከላይኛው የቅርንጫፍና የቅጠል ክፍሉ) ሩብ በላይ አትቁረጡ። በድንገት ለፀሐይ የተጋለጠው የአቮካዶ ልጥ ስለሚቃጠልና ስለሚሰነጠቅ ኖራ ቀቡት።

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አፈሩን እዩ። አዲስ ቤት ጀርባ የሚገኘው «አፈር» ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ፍርስራሽ፣ የብሎኬት ስብርባሪና አሸዋ ነው። ሲሚንቶ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ለዚህ ማዳበሪያ መድኃኒት አይሆንም። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ፍርስራሹን አውጡና ንጹሕ አፈር መልሱበት። የሐዋሳ የተፈጥሮ አፈር ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጠጠርና አሸዋ የተቀላቀለ በመሆኑ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ውሃ እንዲይዝ ብስባሽ (ኮምፖስት) ይፈልጋል።

የመደቡ ልክ ይህን ይመስላል፦ ከአቮካዶው ወዲያ የሚቀረው 6.5 ሜትር ርዝመት፣ ከአጥሩ 1.5 ሜትር ስፋት፤ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት ለመበተን ግማሽ ሜትር ኩብ ያስፈልጋችኋል፤ ይህም ጢም ብለው የሞሉ ስድስት ጆንያ ያህል ነው። ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ደባልቁት። በሲዳማ የቡና ገለፈት እንደልብ ስለሚገኝ ብዙዎች ጥሬውን ይበትናሉ፤ ጥሬው ሲበሰብስ ይግላል፣ ለተክሉ የሚሆነውን ናይትሮጅንም ይሻማል። ከፍግ ጋር ቢያንስ ሦስት ወር ከምሮ ማገላበጥ ይበጃል።

ለኋለኛው ረድፍ ቡና እንመርጣለን። ከጥንቱም የጫካ ጥላ ተክል ነው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያብረቀርቃል፣ ፍሬው ልጆችን አይጎዳም። ሦስት ችግኝ፣ በሁለት ሁለት ሜትር ልዩነት፣ ከአጥሩ 70 ሴንቲ ሜትር ርቆ። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ይሁን። የችግኙን ፕላስቲክ ስትቀዱ ከታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩን ከነሥሩ ቁረጡ፤ ተጣምሞ የተተከለ ዋና ሥር ለሁለትና ሦስት ዓመት ደህና መስሎ ይቆይና ዛፉ ፍሬ ሊይዝ ሲል ያደርቀዋል። ቁመቱ 1.8 ሜትር ሲደርስ አናቱን ቁረጡ።

ለመሀለኛው ረድፍ ክሊቪያ። ብርቱካናማ አበባ ያወጣል፣ ጥላና ደረቅ አፈር ይችላል። ዋጋው ስለሚከብድ ስድስት ብቻ ገዝታችሁ በ50 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትከሉ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ እየከፈላችሁ ታበዙታላችሁ። ቅጠሉም ሥሩም ከተበላ ያስመልሳልና ልጆቹ እስኪያድጉ ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጉት። መሀል መሀሉን ቅጠሉ ባለ ብዙ ቀለም በሆነው ኮሊየስ ሙሉት፤ 10 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ብታቆሙ በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ኮሊየስ በየዓመቱ ስለሚቀጥን መታደስ ይፈልጋል። ለፊተኛው ጠርዝ ልጆቹን በክር አንጠልጥሎ የሚያወርደው ክሎሮፊተም፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ወደ 21 ተክል። ሃያ አንድ አትግዙ፤ አምስት እናቶች ገዝታችሁ ልጆቻቸውን እያወረዳችሁ ብትተክሉ በዓመት ይሞላል። የመስኖ ውሃችሁ የጉድጓድ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ጥያቄ አንብቡ።

ሰፊ ቅጠሉ ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዲፈንባኪያ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ግቢ ባይገባ ይሻላል፤ ግንዱ ከተኘከ አፍና ጉሮሮ ያሳብጣል። ሞንስቴራም አፍ ያቃጥላል፣ እሱን ግን አጥር ላይ ከልጅ እጅ በላይ ማውጣት ይቻላል።

በቤቱ በኩል በሚቀረው ቦታ ላይ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ምንም ሳትተክሉ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ ጠጠር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር አልብሱ፣ መሠረቱ ላይ ውሃ አታጠጡ። እዚያ ተክል ካስፈለገ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳንሰቬሪያ በማሰሮ፤ ጨለማውንም የሰኔን ፀሐይም ይችላል፣ የሚገድለው የበዛ ውሃ ብቻ ነው። አጥሩን በውስጥ በኩል ነጭ ቀቡት። ርካሽ ነው፣ ወደ መደቡ የሚመለሰው ብርሃን ግን በግልጽ ይለያል።

የምትተክሉት ዝናቡ ሲጸና፣ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት በጠራ ቀን በቀጭን ሣር ወይም በኬሻ ከልሉላቸው። በበጋ ለመደቡ በሳምንት 200 ሊትር ያህል፣ ማለትም አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ በሁለት ቀን ከፍላችሁ በደንብ ይግባ። በየማታው ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ቅጠሉንም አርጥቦ ስለሚያሳድረው ለሻጋታ ይዳርገዋል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በረንዳና ጥላ ሥር ያሉት ክሎሮፊተም፣ ድራሲናና ፒስ ሊሊ ጫፋቸው ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ውሃ አላጓደልኩም፣ የማጠጣውም ከግቢያችን ጉድጓድ ነው። ተባይ ይሆን?

መልስ፦ የዘረዘሯቸው ሦስቱም በአንድ ነገር የታወቁ ናቸው፤ ፍሎራይድ አይችሉም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ በፍሎራይድ የታወቀ ነው፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ እነዚህ ተክሎች ግን ከዚያ ባነሰም ሊጎዱ ይችላሉ። ፍሎራይዱ ከውሃው ጋር ወደ ቅጠሉ ይወጣል፤ ውሃው ይተናል፣ እሱ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ለዚህ ነው ጉዳቱ ሁልጊዜ ከጫፍ የሚጀምረው።

ከሌላ ችግር ለመለየት፦ በማሰሮው ጠርዝና በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ የማዳበሪያ ወይም የውሃው ጨው ተጠራቅሟል። ተክሉ በሙሉ ጠውልጎ ከታች ያሉት ቅጠሎች ከቢጫሙ ውሃ በዝቶበታል። ቅጠሉ ጥቃቅን ነጥብ ለብሶ በጀርባው ቀጭን ድር ካለ ቀይ ሸረሪት ነው፤ ተባይ ማለት ያኔ ነው።

ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ባነሰ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ይባስ ይበረታል። መፍትሔው የዝናብ ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ነው፤ ከሚፈሰውና ከሚተነው ተርፎ 800 ሊትር ያህል በአሸንዳው ወደ በርሜል ይገባል። የበጋው አቧራ ያለበትን የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ውጭ ልቀቁት። በማሰሮ ላሉት ተክሎች ብቻ ከተቆጠበ ሁለት በርሜል ብዙ ሳምንት ያስኬዳል። ሱፐርፎስፌት ማዳበሪያም ፍሎራይድ ስላለው ለእነዚህ ተክሎች አይስጡ።

የደረቀው ጫፍ አይመለስም። በመቀስ ሲቆርጡት አንድ ሚሊ ሜትር ቡናማውን ያስቀሩ፤ አረንጓዴው ከተነካ አዲስ ቁስል ይሆንና እንደገና ይደርቃል። ለውጡን በአዲሶቹ ቅጠሎች ነው የሚያዩት። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም የማይመችዎ ከሆነ ተክሉን ይቀይሩ፤ ፊሎደንድሮንና ሲንጎኒየም በዚህ ጉዳት ከሚታወቁት ውስጥ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ከማንጎ ዛፍ ሥር ሣር ሦስት ጊዜ አስተከልኩ፣ ሦስቴም ጠፋ። የትኛው ሣር ይሻለኛል? (ከምናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የትኛውም። ሰርዶም ኪኩዩም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ የማንጎ ጥላ ደግሞ ከጥላዎች ሁሉ ጥቅጥቅ ካሉት ነው፣ ዓመቱን ሙሉም አይሳሳም። አራተኛውን ገንዘብ ሬድ አሽና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያውሉት፤ ድንጋዮቹን ከመሀል እስከ መሀል በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢያስቀምጧቸው ለእግር ይመቻሉ። ሣር የሚመስል ነገር የግድ ከሆነ ከዘውዱ ዳር፣ ትንሽ ብርሃን በሚያገኘው ላይ፣ ኦፊዮፖጎን በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይትከሉ። ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ዓመት ከመንፈቅ ይታገሱት። አይታጨድም፣ ብዙም አይረገጥም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱላ አካባቢ ነው። ከጓሮዬ አንድ ዋንዛና ሁለት ብርብራ አለ። ለዓይን ሳይሆን ለጓዳ የሚሆን ነገር መትከል እፈልጋለሁ። ልጆቼ «በጥላ ምን ይበቅላል» ብለው ይስቁብኛል።

መልስ፦ እናታችን፣ ልጆችዎ ጓሮዎን በደንብ አላዩትም። ዋንዛና ብርብራ የቡና ጥላ ሆነው የኖሩ ዛፎች ናቸው፤ ጥላቸው ሳሳ ያለ ነው፣ የሚረግፈው ቅጠላቸውም አፈር ያለማል። ቡናን ከላይ ስለገለጽነው እዚህ አንደግመውም።

ከሁሉ በፊት ኮረሪማን እንመክርዎታለን። ያለ ጥላ አይሆንለትም፣ የሐዋሳ ከፍታም ይስማማዋል፤ ችግሩ የበጋው ድርቀት ነው። ሁለት ሦስት ግንድ ያለው ሥር ገምሰው በ1.5 ሜትር ልዩነት፣ ሥሩ ከአፈር በታች 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይትከሉት። ከኅዳር እስከ የካቲት በሳምንት ሁለቴ ውሃ ይፈልጋል። ፍሬ ለመያዝ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። አበባው የሚወጣው ከግንዱ አናት ሳይሆን ከመሬት፣ ከሥሩ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በመኮትኮቻ ሲያርም አበባውን ቆርጦ ይጥልና «ኮረሪማው መከነብኝ» ይላል። ዙሪያውን በእጅ ያርሙ፣ የቅጠል ልባሱንም አሳስተው ያድርጉት።

ጎደሬ ከሁሉ ይቀላል። እርጥብና ከፊል ጥላ ቦታ ላይ በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይተከላል፤ ከሰባት እስከ አሥር ወር ይደርሳል። ሰፊ ቅጠሉ ለዓይንም ነው። ጉሮሮ የሚያሳክከው እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን የኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉት ነውና በደንብ ይቀቀል፤ ሲልጡት እጅዎን ካሳከከዎት ዘይት ይቀቡ።

ዝንጅብልና እርድ በአንድ ዓይነት መንገድ ይተከላሉ፦ አንድ ወይም ሁለት ዓይን ያለው የጣት ርዝመት ቁራጭ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ሚያዝያ ላይ። ስምንትና ዘጠኝ ወር ቆይቶ ቅጠሉ ሲደርቅ ይወጣል። ዝንጅብል ላይ ግን ይጠንቀቁ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ማሳ ሙሉ ያጠፋው ባክቴሪያ ያመጣው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በዘርም በአፈርም ይተላለፋል። ምልክቱ ከታች ያሉ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መጠቅለል፣ የግንዱ ሥር መላሸቅ፣ ሲቆረጥም ወተት የመሰለ ፈሳሽ መውጣት ነው። የታመመውን ነቅለው ያቃጥሉ፤ ያ አፈር ዳግመኛ ዝንጅብል አይዘራበት። ከገበያ የተገዛ ለወጥ የሚሆን ዝንጅብል ለዘር አይመከርም። ግድ ከሆነ ከመደቡ ለይተው በባልዲ ይሞክሩት።

ጌሾ በከፊል ጥላ ደህና ነው፤ በጥቅጥቅ ጥላ ቅጠሉ ይሳሳል። ከዓመት በኋላ ቅጠል መልቀም ይጀምራሉ። ጎመን በቀን አራት ሰዓት ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል፤ ቅጠሉ ሰፋና ለስለስ ይላል፣ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ግን ይወደዋልና ጀርባውን እየገለበጡ ይዩ። ሰላጣ ከጥላ ይጠቀማል፣ ቶሎ ወደ አበባ አይሄድም። ናናን በባልዲ ካልያዙት ጓሮውን ይወርሰዋል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና ጥብስ ቅጠል ጥላ ሥር አይልፉባቸው፤ ይመነምናሉ፣ ለጓዳ አይተርፉም።

እንሰት እንደሚያስቡ እናውቃለን፤ በሲዳማ ጓሮ ያለ እንሰት ምን ጓሮ አለ። ከፊል ጥላን ይችላል፣ ግን ለአንዱ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ይተዉለት፤ ለመድረስም ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። አጠውልግ በሽታ እንዳይገባ ችግኙን ጤነኛ መሆኑን ከሚያውቁት ጓሮ ብቻ ይውሰዱ፤ ቢላውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ በእሳት ያሳልፉት። ያው በሽታ ሙዝንም ስለሚይዝ ሁለቱን አያጠጋጉ።

ጥያቄ፦ ጥላ ሥር ብዙ ተክል በመትከሌ ጎረቤቶቼ «ወባ ትጠሩብናላችሁ» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ትንኝ የምትራባው በቆመ ውሃ ላይ ነው፤ ቅጠል ላይ ቀን ታርፍበት ይሆናል እንጂ አትፈለፈልበትም። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅባት፣ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ውሃውን መድፋት ይበቃል፦ የማሰሮ ሥር ሰሃን፣ የተጣለ ጎማ፣ የተደፈነ አሸንዳ፣ ቅጠሉ መሀል ውሃ የሚይዘው ብሮሚሊያድ። የዝናብ ውሃ በርሜል በጥቅጥቅ ወንፊት ወይም በአጎበር ቁራጭ ይሸፈን። የተቀጠቀጠ መሬት ላይ ውሃ ከቋጠረ ያስተካክሉት፤ የወባዋ ትንኝ ከማሰሮ ይልቅ የምትመርጠው የዚህ ዓይነቱን ኩሬ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከድሮ ቤቷ ጓሮ የነበራትን እንሶስላ ትናፍቃለች። ሐዋሳ ላይ፣ ከግንብ ጥላ ሥር ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል፤ ለዚያ ቦታ ከሁሉ የሚስማማው እሱ ሊሆን ይችላል። እንሶስላ የአገራችን ተክል ነው፤ ጥላና እርጥብ አፈር ይወዳል፣ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፣ መሀሉ ወይን ጠጅ የሆነ ነጭ አበባ ያወጣል። በየችግኝ ጣቢያው የሚሸጠው ባለ ቀለሙ ኢምፓሽንስ ዘመዱ ነው፤ ሥሩ ግን እጅና እግር አያሞቅም።

የሚተከለው ከሥሩ ነው። ጉጥ ያለበት ቁራጭ ከሚያውቁት ሰው ጓሮ ይውሰዱ፤ ግንቦት ላይ በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ኮምፖስት በበዛበት አፈር ይትከሉት። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይምረጡ። ክረምቱን በጥድፊያ ያድጋል። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን አያውጡ፤ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ አበባው ካለፈ በዳር በኩል ቆፍረው ለእናትዎ የሚበቃውን ቆርጠው ሌላውን አፈር ይመልሱበት።

ሰው የሚሳሳተው በበጋ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ግንዱ ይጠወልግና ከመሬት በላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ሞተ ብለው ውሃ አያብዙበት፤ ሥሩ ተኝቷል፣ ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ቦታው ላይ ዱላ ተክለው ምልክት ያድርጉበት፤ አለበለዚያ ጥር ላይ ጓሮውን የሚያጸዳው ሰው ባዶ መሬት መስሎት ይቆፍረዋል።